የእሑዱ መርፌና ትልልቆቹ ፊደሎች

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ አዲስ ስፖንጅ የገባለት ሶፋ ላይ እንደ መቀመጥ ተመችቶሽ ይድረስሽ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ የስፌት መኪናዎቻችንና ያ እግሩ የተሰበረው ወንበር ሁላችንም ደህና ነን። ወንበሩ የዳነው ትናንት ነው። ያዳንኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ቁጭ በይ። ተቀመጥሽ? ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ! እስከ ዛሬ ከእኔ መጣ ብለሽ ያነበብሽው ሁሉ የባለቤቴ ጽሕፈት ነው፤ እኔ ስናገር እሷ ትጽፍ ነበር። ስትጽፍ ደግሞ ጨዋታዬን እየቆራረጠች እንደነበር የደረስኩበት የማታ ትምህርት ከገባሁ በኋላ ነው። ለምን ብዬ ባፋጥጣት «ያን ሁሉ ጉራ የሚችል ፖስታ የለም» አለችኝ። ከእንግዲህ ፖስታው ይቀደድ እንጂ እኔ አላጥርም።

ደውል እንዳትዪኝ። መምህርታችን ልጄ የምትሆን ልጅ ናት፤ ስትቆጣ ግን እናቴን ታክላለች። «በየሳምንቱ አንድ ደብዳቤ፣ መልስ ለሚጽፍላችሁ ሰው» ብላናለች። ክፍላችን ውስጥ ሃያ ሦስት ነን። አንደኛ እኔ ነኝ። መምህርታችን ደረጃ አልሰጠሁም ትላለች፤ ሌሎቹን ላለማስከፋት ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልግባ። አዎ፣ የስኳሩን መርፌ ጀመርኩ። ያለፈው እሑድ፣ ሆዴ ላይ፣ በራሴ እጅ። በየሳምንቱ እሑድ ነው የምወጋው፤ ክኒኔንም አላቋረጥኩም። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ዓርብ ዕለት አስቀምጣ አስተምራኛለች። በምን ላይ ብታሳየኝ ጥሩ ነው? በስፖንጅ! ለእኔ! ሠላሳ አምስት ዓመት ሶፋ ለሠራሁት ሰው! አንስቼ ጀርባውን አገላበጥኩት፤ ጨመቅኩት፤ አሸተትኩት። «ሲስተር፣ ይሄ ርካሽ ስፖንጅ ነው፣ በሁለት ወር ይሟሽሻል» አልኳት። እሷ መርፌውን እያሳየች፣ እኔ ስለ ስፖንጅ እያስተማርኳት፣ ሁለታችንም ዕውቀት ጨምረን ተለያየን።

አመመህ ወይ ላልሽው፦ ምንም። ዝንብ ብታርፍብኝ ይበልጥ ይሰማኛል። ባለቤቴ አንገቷን አዙራ ነበር፤ ስትመለስ እኔ ጨርሼ እያፏጨሁ ነው።

በመርፌ የማይደነግጠው ወንድምሽ


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ለጉረኛው ወንድሜ፣

ሰላምህ ብዙ ነበር፣ አልቆ እንዳይመስልህ፤ የተረፈኝን ለነገ አስቀምጬዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሆቴሉ ሞልቷል፤ በቀን አራት መቶ አንሶላ እናጥባለን፣ አራት መቶ እንተኩሳለን።

ደብዳቤህን ካውያው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። አብረውኝ የሚተኩሱት ልጆች «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ፤ እንፋሎት ዓይኔ ገባ አልኳቸው። የገባው እንፋሎት እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ፣ አታስለፍልፈኝ።

አሁን የምነግርህን ለማንም አትንገር። ለእኔም ያው መድኃኒት ታዞልኛል። ሐኪሙ ለስኳሩም ለክብደትሽም ይረዳል ብሎ በሳምንት አንድ ጊዜ እንድወጋ ጽፎልኝ፣ መርፌው ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። ከእንቁላሉ ጎን ነው ያስቀመጥኩት። በሩን በከፈትኩ ቁጥር ይገላምጠኛል፣ እኔም ገልምጬው እዘጋለሁ። አንሶላ ስሰፋ ጣቴን ስወጋ አንድም ቀን አላለቀስኩም። አስቤበት፣ አነጣጥሬ፣ የገዛ ሆዴን መውጋት ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ከእጥበት ቤቱ እስከ ላይኛው ፎቅ ሃያ ስምንት ደረጃ ነው። አሥራ አራተኛው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምቀጥለው። ልጆቹ ያንን ደረጃ «የእማማ ወንበር» ብለውታል። ፊት ለፊቴ ሳይሆን ከኋላዬ።

ስለዚህ እውነቱን ንገረኝ። በአንተ ቃል ነው የምጀምረው። እውነት ምንም አልተሰማህም?

ሌላ፦ ፊደልህ ምነው እንዲህ ገዘፈ? የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሃያ መስመር ነበር፤ መጨረሻው ላይ አሥራ አንድ። ወረቀት በነፃ ነው እንዴ የሚሰጧችሁ?

እህትህ፣ የአራት መቶ አንሶላ አዛዥ


ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ለእትዬ፣ ለአንሶላዎቹ አዛዥ፣

ሰላምታዬን ተኩሰሽ፣ አጥፈሽ፣ ከትራስሽ ሥር አድርጊው።

ስለ ፊደሌ መጠን፦ ትልቅ ሰው ትልቅ ይጽፋል። ትንንሽ መጻፍ የሚያፍር ሰው ሥራ ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ስለዚህ ነገር ደግመሽ አትጠይቂኝ።

ስለ መርፌው፦ በአባታችን መቀስ እምልልሻለሁ፣ ሦስት እሑድ ወጋሁ፣ ሦስቱንም አልተሰማኝም። አሠራሬን ልንገርሽና አንቺም እንደኔው አድርጊ። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። እስክሪብቶ የሚመስለውን መወጊያ ከፍሪጅ አወጣና ውስጡ ያለው ውኃ ጥርት ያለ መሆኑን በብርሃን አያለሁ። አዲስ መርፌ እገጥማለሁ፤ ክዳኑን አወልቃለሁ፤ መጠኑን አዞራለሁ። ከእምብርቴ ሦስት ጣት ራቅ ብዬ፣ ያለፈው ሳምንት ቀኝ ከሆነ ዛሬ ግራ፣ ጫን! ከዚያ ቁልፉን እጫናለሁ። መመሪያው ቀስ ብለህ እስከ ስድስት ቁጠር ይላል፤ እኔ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ፣ ቁጥር አላጣሁም። ያገለገለውን መርፌ ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ እከድናለሁ። በቃ። ከጫንኩ በኋላ ሸሚዜ ላይ ትንሽ ርጥበት ይቀራል። የጀግና ላብ ነው።

ደግሞ ትልቁን ወሬ ልንገርሽ። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን መመሪያ ወረቀት በየእሑዱ ለግቢው ሰው ጮክ ብዬ አነባለሁ። ወንበር ይዘው ነው የሚመጡት! ሰዓት ሠሪው፣ አትክልት ሻጯ፣ የላይኛው ቤት ጡረተኛ። ድምፄን እንደ ዜና አንባቢ አድርጌ «ማቅለሽለሽ ሊያጋጥምዎ ይችላል» የሚለው ጋ ስደርስ ጡረተኛው ሁሌ ራሱን ይነቀንቃል። አትክልት ሻጯማ «እሱን ቦታ ድገመው» አለች። እትዬ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያነብ እኔ ሰሚ ነበርኩ። አሁን እኔ ሳነብ ዝም ይላሉ። ይህን ዝምታ ማንም አይቀማኝም።

የአንቺው ካስፈራሽ ግድ የለም፣ የእኔን መወጊያ ደብዳቤያችንን በሚያመላልሰው የአውቶቡስ ሾፌር ልላክልሽ። መርፌውን ብቻ ቀይሪና አንድ ቀን ተወጊበት፣ ለምደሽ ትመልሺልኛለሽ። የአንድ እናት ልጆች አይደለን?

ዝንብ የሚበልጥበት መርፌ ባለቤት፣ ወንድምሽ

[ከገጹ ግርጌ፣ በጣም በትንንሽ ፊደል፣ በሌላ እጅ፦]
እትዬ፣ ፖስታውን የማሽገው እኔ ነኝ። ይህቺን መስመር እሱ አያያትም፣ ነገሩም ይኸው ነው። ስለ ዓይኑ ጠይቂው። እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ለወንድሜ፣

ሰላም። በመጀመሪያ፣ መርፌህን እንዳትልክ! ፋርማሲስቷን ጠየቅኳት፤ መርፌው ቢቀየርም አንዱ የተወጋበትን ሌላው አይወጋበትም አለች፣ የአንድ እናት ልጆችም ቢሆኑ። እናታችንን እንደምታውቃት አድርጋ ነው የነገረችኝ።

ሁለተኛ፣ ወጋሁት። እሑድ ጠዋት። ቃልህን ይዤ ሄድኩ፣ ዝንብ ጠብቄ። ወንድሜ፣ ዝንብ አይደለም! ብዙ አያምም፤ እውነት ለመናገር ከጠበቅኩት በታች ነው። ግን ይሰማል። ጥርት ብሎ ይሰማል፣ አዲስ ሸሚዝ ውስጥ የተረሳ እስፒል ሲነካህ እንደሚሰማው። «ውይ» ብያለሁ፣ ፍሪጁ ምስክሬ ነው። ሸሚዜ ላይ ምንም አልረጠበም። ከዚያ ሰኞና ዛሬ ሆዴ ትንሽ ተገለባብጦ፣ ምሳዬን ግማሹን ተውኩት። ጥጋቡ ቶሎ መጣ። ፋርማሲስቷ ይህ እንደሚሆን ነግራኝ ነበርና አልደነገጥኩም፤ ጥቂት ጥቂት እበላለሁ፣ ስጠግብ አቆማለሁ።

አንተ ግን አራት እሑድ ሙሉ ምንም? ሆድህም ምንም? ሳህንህም ያው? ጀግንነት ቆዳ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አንጀትም ይጀግናል እንዴ?

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንደ ታላቅህ። ያንን መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጅህ ገልብጠህ ላክልኝ። አታንብበው። ድምፅህን ለእሑድ አስቀምጠው። ቃል በቃል፣ አንዲት ሳትዘል ገልብጠው።

ዓይንህንስ እንዴት ነህ?

እህትህ፣ «ውይ» ያለችው


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ለእትዬ፣

ለትእዛዝሽ ብዬ ሰላምታ አሳጥሬያለሁ፣ ለግልበጣው ቦታ እንዲተርፍ።

ስለ ዓይኔ ማን ነገረሽ? ባለቤቴን አፋጠጥኳት። «አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም» ብላ ማለች። ውሸት ስትናገር ጆሮዋ ይቀላል፤ አልቀላም። እንግዲህ ጠንቋይ ነሽ።

ከሆነ አይቀር ልንገርሽ። ከነሐሴ ጀምሮ ፊደሎች ይሸሹኛል። መጀመሪያ የጋዜጣው፣ ከዚያ የሰሌዳው፣ ከዚያ የራሴው። ለዚህ ነው የማገዝፋቸው፤ ካላገዘፍኳቸው ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። የዓይን ሐኪሙ ጠብታ አድርጎ ውስጡን በመብራት አየ። ከኋላ ገና አልተጎዳም አለ። የሚያደበዝዘው የስኳሩ ከፍታ ነው፣ ከወረደ ይጠራል። ካልወረደ ግን የኋላው ይነካል፣ የተነካው ደግሞ ላይመለስ ይችላል። በሦስት ወር ውስጥ እንየው ብሎኛል። እትዬ፣ ፊደል የቆጠርኩት ባለፈው ዓመት ነው። ገና አንድ መጽሐፍ እንኳ አልጨረስኩም። ይህን ለአንቺ ጽፌ አንቺ ስታነቢው ታየኝና፣ ቀልድ አልመጣልኝ አለ። ለዚህ ነው የደበቅኩሽ።

በቃ። ወደ ግልበጣው። የሰዓት ሠሪውን ማጉያ መነጽር ተውሼ መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ። ተመልከቺ እንግዲህ የእጅ ጽሑፍ!

«1. እጅዎን በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ።
2. የመድኃኒቱን ስምና የሚያበቃበትን ቀን ያረጋግጡ። ፈሳሹ ጥርት ያለ መሆን አለበት።
3. አዲስ መርፌ አጥብቀው ይግጠሙ።
4. ትልቁን የውጭ ክዳን ያውልቁ። መርፌውን ለመንቀል ስለሚያስፈልግ አይጣሉት።
5. ትንሹን የውስጥ ክዳን አውልቀው ይጣሉት።»

ቆይ።

እትዬ፣ ቁጥር አምስትን ሁለት ጊዜ በማጉያው አየሁት። ትንሹን የውስጥ ክዳን ይላል። ክዳን ሁለት ነው።

ተነሥቼ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረድኩና ወደ መስኮቱ አቀረብኩት። በመስተዋቱ ውስጥ ይታያሉ። አራት መርፌ። አራቱም ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ ናቸው።

አልተወጋሁም እትዬ። አንድም ቀን አልተወጋሁም። ሆዴን በፕላስቲክ እየጫንኩ እስከ ሃያ ስቆጥር ነው የከረምኩት። የጀግናው ላብ ያልኩሽ መድኃኒቱ ነው፤ ሸሚዜ ነው ሲታከም የሰነበተው።

ሲስተር ሁለተኛውን ክዳን ስታወልቅ እኔ የት ነበርኩ? የስፖንጁን ጀርባ እያገላበጥኩ። ሳነብስ? ትንንሾቹን መስመሮች ዓይኔ ስለማይዛቸው በግምት ነበር የምሞላቸው፣ ጉባኤው ፊት ማቆም አፍሬ። ቁጥር አምስት ደግሞ ድምፄን ከፍ የማደርግበት ቦታ ነው። ድምፄን ስሰማ ቃሉን አልሰማሁም።

ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም። መኪናዋ ላይ ሆና ትራስ እየሰፋች ነው፣ ታንጎራጉራለች።

ግን ወንድምሽ እጁን የሚሰጥ ሰው አይደለም! ነገ እሑድ ነው፣ መጠኑም ከነገ ጀምሮ ከፍ ይላል ተብያለሁ። ያመለጠኝን አራቱንም የነገውንም አንድ ላይ ብወጋው፣ ወሩን በአንድ ቀን አካክሰዋለሁ። ዕዳዬ ነው፣ ሆዴም ሰፊ ነው። ሾፌሩ ጡሩምባ እያሰማ ነው፣ ላሽገው።

ወንድምሽ


እሑድ፣ ኅዳር 1

ለወንድሜ፣

ትናንት በስልክ ስለ ጮህኩብህ ይቅርታ። ያልኩትን አልመልሰውም፣ ከፍታውን ነው ይቅርታ የምጠይቀው። ደብዳቤህን ሾፌሩ ሲሰጠኝ ከሥራ ልወጣ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ስልኬን ከሣጥኑ አውጥቼ የደወልኩት ማሽኖቹ መካከል ቆሜ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ማሽን አጥፍቶ ሲሰማኝ አላወቅኩም። ዛሬ ከመካከላቸው አንዷ «ሰውዬው አልወጋም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልወጋም አልኳት። አጨበጨቡ።

ባለቤትህ ዛሬ መርፌውን ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ደብቃ እንደዋለች ነገረችኝ። ተባረኪ ብያታለሁ። ፋርማሲስቷንም ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅኳት፤ ፊቷ ነው የተለወጠው። የሳምንቱ መጠን የሳምንቱ ነው፣ ያለፈ አይደረብም፤ በትንሹ የሚጀመረው ሰውነት እንዲለምድ ነው፣ አምስቱን አንድ ላይ የሚወጋ ሰው በትውከት ብዛት ሆስፒታል ይገባል አለች። ነገ በማለዳ ጤና ጣቢያ ሂድ። ጠርሙሱን ከነባርኔጣዎቹ ይዘህ ሂድ። አትፈር። ለእኔ የጻፍከውን ለሲስተር ንገራት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በስልክ ልለው ያቃተኝ። ልጆች ሆነን ቤት ውስጥ ደብተር አንድ ብቻ ነበር። ለእኔ ተሰጠ፤ ለአንተ መርፌና ክር። እኔ ሳነብ አንተ በሩ ሥር ቁጭ ብለህ ትሰማኝ ነበር፤ ስጨርስ «እሱን ቦታ ድገሚው» ትለኝ ነበር። አንድም ቀን ፊደሉን ላሳይህ አላልኩም። ልጅ ነበርኩ፣ መደመጡ ጣመኝ። ስለዚህ ድምፅህ እንደጣመህ ስትጽፍልኝ አልፈረድኩብህም። ከማን ወረስከው?

ፊደሎችህን አናስወስዳቸውም። ነገ የሆነውን ጻፍልኝ።

እህትህ


ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ለእትዬ፣ ለግራ ጆሮዬ ጠላት (ገና ይጮኻል)፣

ሰላምታዬ ዛሬ ትንሽ እያቅለሸለሸው ነው የሚመጣው፣ ተቀበዪው።

ሄድኩ። ስገባ ከማንም በፊት ልናገር ብዬ ጠርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። «ሲስተር፣ ስፖንጅሽን ስሰድብ ያመለጠኝ ነገር አለ» አልኳት። አንስታ አየች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያማ ግድግዳ ይዛ ሳቀች፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እስኪሰማ። ሳቋን ስትጨርስ ግን ቁጭ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «ሰው እየወጋሁ ነው ብሎ ሳይወጋ ወራት ይቆያል። እርስዎ በራስዎ እጅ ደርሰውበታል።» ሰማሽ? በራስዎ እጅ! ባለሙያ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ሐኪሙን ጠርታ ተማከሩ። መድኃኒቱ ስላልገባ ከትንሹ መጠን እንደ አዲስ ትጀምራለህ ተባልኩ። እዚያው ፊቷ አስወጋችኝ። አዲስ መርፌ፣ ትልቁ ክዳን፣ ትንሹ ክዳን። ትንሹ ሲወልቅ እትዬ፣ መርፌውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ቀጭን! ሶፋ የምሰፋበትን ጠማማ መርፌ ታውቂዋለሽ፣ የዚያ ልጅ እንኳ አይሆንም። ጫፉ ላይ ጠብታ እስኪታይ አስፈተሸችኝ። ከዚያ ወጋሁ።

«እናቴ!» አልኩ።

አዎ፣ ብያለሁ። ተሰማኝ። እንደ አንቺ እስፒል፣ እንዲያውም ከዚያ ያነሰ፣ ግን ተሰማኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ጣቴን ስወጋ የኖርኩ ሰው፣ ፀጉር ለምታህል ነገር እናቴን ጠራሁ። ለባለቤቴ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና «አሁን አመንኩህ» አለችኝ።

ቀኔ ከእሑድ ወደ ሰኞ ዞሯል። ትናንት ወዲያ ሁለተኛውን ወጋሁ። ደግሞ ደስ የሚል ዜና፦ ያቅለሸልሸኛል! ማክሰኞ ምሳዬን ግማሹን ትቼ ስነሣ ባለቤቴ ሳህኑን እንደ ሽልማት አነሣችው። መድኃኒት ሸሚዜ ውስጥ ሳይሆን እኔ ውስጥ መግባቱ በዚህ ይታወቃል። በዝቶ ቢያስመልሰኝ ወይም ሆዴን አጥብቆ ቢያመኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ሲስተር አስጠንቅቃኛለች። እስካሁን አላስፈለገም።

የእሑዱ ንባብ ቀጥሏል። ለግቢው ሰው ሁሉንም ነገርኩ። ጡረተኛው «እኔ እኮ የትንሹን ክዳን ነገር አንድም ቀን ስታነብ አልሰማሁም፣ አሳጥረህ መስሎኝ ነው» አለ። አሁን ይናገራል!

ስለ ደብተሩ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ በማጉያ። በሩ ሥር ቁጭ ማለቱ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር። ያንን ብቻ እወቂ።

እናቱን የጠራው ወንድምሽ


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ለወንድሜ፣

ሰላምህ ሳያቅለሸልሸው ደርሷል።

ዛሬ ብዙ አልጽፍም፣ ሁለት ነገር ልንገርህ ብዬ ነው። ያለፈው እሑድ ሥራ በዝቶብኝ መርፌዬን ረስቼ ዋልኩ። እንደ አንድ የማውቀው ሰው ላካክስ አላልኩም፤ ፋርማሲስቷ ጋ ደወልኩ፣ አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት ውጊው አለችኝ፣ ወጋሁ። አሁን የእጥበት ቤቱ ቀን መቁጠሪያ ላይ በየእሑዱ ክብ አድርጌበታለሁ። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የፍቅር ቀጠሮ» እላቸዋለሁ።

ሁለተኛው፦ ትናንት ሃያ ስምንቱንም ወጣሁ። አሥራ አራተኛው ላይ አንዲት ልጅ ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካለች። «ተነሺ፣ የእማማ ወንበር ነው» ብዬ አለፍኳት። ፊቷ ምን እንደመሰለ ብታይ!

ገጽህን ደግሞ ቆጠርኩት፤ አሥራ ስድስት መስመር። ምርመራህ መቼ ነው? ደግ ቢሆንም ክፉ ቢሆንም ሳታሳምር ጻፍልኝ።

እህትህ፣ ደረጃ የማያስቀምጣት


ሰኞ፣ የካቲት 3

ለእትዬ፣ ለማትቀመጠው፣

ሰላምታዬን ዛሬ አልመዘንኩም፣ ያለውን ሁሉ ነው የላክሁልሽ።

ሳላሳምር ልጻፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። ግን እትዬ፣ ነገሩ ራሱ አምሮ ቢመጣ እኔ ምን ላድርግ?

ዛሬ አሥራ አራተኛዋን መርፌ ወጋሁ። ሁለት ክዳን፣ አንድ «ውይ»። ያለፈው ሐሙስ የሦስት ወሩን ስኳር የሚናገረውን ምርመራ ሰጠሁ። ከአሥር ነጥብ አራት ወደ ሰባት ነጥብ ሁለት ወርዷል። ወረቀቱን ሐኪሙ ሊያነብልኝ ሲል «ይቅርታ፣ እኔ ላንብበው» አልኩት። ሰጠኝ። አነበብኩት። ጮክ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት፣ ነጥቡን እንዳልዘለልኩ ለማረጋገጥ። የዓይን ሐኪሙም መብራቱን ይዞ ገባና ወጣ፤ የዓይኔ ጀርባ ደህና ነው አለ። ሰሌዳው ላይ ከታች ሁለተኛውን መስመር አነበብኩለት። የመጨረሻውን አልቻልኩም፤ እሱም ቢሆን ያለ መነጽር አይችልም፣ ጠይቄዋለሁ። በየጊዜው እየመጣሁ እንዲያየኝ ቀጠሮ ይዣለሁ።

የሰዓት ሠሪውን ማጉያ መልሼለታለሁ። ለመምህርታችንም ያንን አንድ መጽሐፍ ጨርሼ አሳየኋት። ሁለተኛ ሰጠችኝ። ወፍራም ነው፣ ሥዕል የለውም።

ለጤና ጣቢያው ደግሞ ስጦታ ወስጃለሁ። አንድ የሆድ መለማመጃ ሠራሁላቸው፣ ከውስጥ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ለስላሳ ቆዳ መሰል ጨርቅ፣ እምብርት ሳይቀር። እምብርቱን ባለቤቴ ናት የሰፋችው፤ የማን እምብርት እንደሆነ ግን አልናገርም። ሲስተር ጠርሙሴን አሽጋ አጠገቡ አኑራዋለች። አዲስ ታማሚ ሲመጣ ሰኞ ጠዋት ጠርታኝ አስተምራለሁ። እውነቱን ለመናገር የምታስተምረው እሷ ናት። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስፖንጁን ተዉት፣ ምርጥ ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። እጇን ተመልከቱ።»

የክረምቱ ዕረፍትሽ ሲደርስ ነይ። ሶፋው ላይ አዲስ ጨርቅ አልብሼ እጠብቅሻለሁ። አንቺ በሩ ሥር ትቀመጫለሽ፣ እኔ አነብልሻለሁ። «እሱን ቦታ ድገመው» ማለት ይፈቀድልሻል።

ገጹን ቁጠሪው፤ ሃያ ስድስት መስመር ነው።

ወንድምሽ፣ ከክፍሉ አንደኛ

[ከገጹ ግርጌ፣ በጣም በትንንሽ ፊደል፣ በሌላ እጅ፦]
እትዬ፣ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ገርሞኛል። ሱሪው ሰፍቶት ሁለቴ አጥብቤለታለሁ፤ ጉራው ግን እንዳለ ነው፣ አልጠበበም። ይህቺም መስመር በእኔና በአንቺ መካከል ትቅር።

[ከዚያ በታች፣ ከዚያም ባነሱ ፊደሎች፣ በመጀመሪያው እጅ፦]
አንብቤያታለሁ። በጥቅምት ስለ ዓይኔ ማን እንደነገረሽም አሁን ገባኝ። ሱሪው ደግሞ ሁለቴ አይደለም፤ ሦስቴ ነው።